በፈረሱላ ውስጥ ያልተመዘነው ሸቀጥ
የካፌይን ጠባይ፣ አደጋና ጥቅም፤ የካፋ ጫካ ቡናም ከዚህ ጋር ያለው ጉዳይ

በኅዳርና በታኅሣሥ ቦንጋ ላይ ጀንፈል የሚገዛ ሰብሳቢ ስለ ቡናው የሚጠይቀው የታወቀ ነው። እርጥበቱ እንዴት ነው? ቀይ ብቻ ተለቅሞ ነው ወይስ ያልበሰለና ከመሬት የተለቀመ ተቀላቅሎበታል? ሻጋታ ሸቶታል ወይ? ቡናው ወደ ምርት ገበያ ሲሄድ ደግሞ ናሙና ይወሰድና የጥሬው ቡና ሁኔታ ከመቶ 40፣ የቅምሻው ውጤት ከመቶ 60 ተይዞ ደረጃ ይወጣለታል። በደረጃው ወረቀት ላይ እርጥበት አለ፣ ጉድለት አለ፣ የሲኒው ጣዕም አለ። ካፌይን የለም።

ዓለም ቡና የሚጠጣው ግን ከጣዕሙ እኩል ለዚሁ ነገር ብሎ ነው። ጠዋት ዓይን የሚገልጠው፣ ማታ እንቅልፍ የሚነሣው፣ ሱስ አለብኝ የሚያሰኘውም እሱ ነው። በአረቢካ ቡና ውስጥ መጠኑ በአማካይ ከክብደቱ ከመቶ 1.2 ያህል ስለሆነ ሒሳቡ ለነጋዴ አያስቸግርም። 17 ኪሎ በሚመዝን አንድ ፈረሱላ ውስጥ 200 ግራም ያህል ካፌይን አለ። በኩንታል 1.2 ኪሎ ይሆናል። 320 ጆንያ በጫነ አንድ ኮንቴይነር ውስጥ ከ19.2 ቶን ቡና ጋር 230 ኪሎ ያህል ካፌይን አብሮ ወደብ ይሻገራል። ይህን ካፌይን ከቡናው አውጥቶ ለብቻው የሚሸጥ ኢንዱስትሪ አለ። በካፋ ላለ ነጋዴ ግን ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ አለው፤ ካፌይን የማይሠራ የቡና ዛፍ ዘር ከኢትዮጵያ ጫካ የወጣ መሆኑ ነው። ወደዚያ ከመድረስ በፊት ስለ ንጥረ ነገሩ ማወቅ ይገባል።

ለመሆኑ ካፌይን ምንድን ነው?

ንጹሕ ካፌይን ሽታ የሌለው፣ መራራ፣ እንደ መርፌ የቀጠኑ ነጭ ክሪስታሎች ያሉት ዱቄት ነው። ኬሚስቶች አልካሎይድ ከሚሏቸው፣ ናይትሮጂን ካለባቸው የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች ይመደባል። ኒኮቲን፣ ኪኒንና ሞርፊን የዚሁ ጎራ ናቸው። የሩቅ ዘመዶቹ ደግሞ አሚኖች ናቸው። አሚን ማለት አሞኒያ ሆኖ ከሦስቱ ሃይድሮጂኖቹ አንዱ ወይም ከአንድ በላይ የሆኑት በካርቦን የተተኩበት ነው። ከእነዚህ ትንሹ ሜቲልአሚን የሚባለው ሲሆን የተበላሸ ዓሣና የአሞኒያ ሽታ የተቀላቀለበት፣ በቀላሉ የሚቀጣጠል፣ ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ነው። ፋብሪካዎች በውኃ ተሟሙቶ ይገዙታል፤ ፀረ ተባይ፣ መድኃኒትና ማሟሚያ ይሠሩበታል። ዱቄቱ ካፌይን በሰው እጅ ሲሠራም መነሻው እሱ ነው።

ካፌይን አራት ናይትሮጂን ቢኖሩትም እንደ አሚኖቹ ጠንካራ አይደለም፤ አይሸትም፣ እጅ አያቃጥልም። ይህ ጨዋነቱ ግን ያታልላል፤ ለምን እንደሆነ ከታች ይታያል።

ለነጋዴና ለቆይ የሚጠቅሙ ሁለት ጠባዮች አሉት። የመጀመሪያው ከውኃ ጋር ያለው ነው። በክፍል ሙቀት አንድ ሊትር ውኃ 20 ግራም ያህል ካፌይን ያሟማል፤ በሚፈላ ውኃ ግን ያው ሊትር 660 ግራም ያህል ይሸከማል። በመሆኑም ጀበና ውስጥ የገባው ቡና አብዛኛውን ካፌይኑን የሚለቀው በመጀመሪያው አፍላል ነው። አቦልን ጠጥቶ የሄደ ሰው ዋናውን ይዞ ሄዷል፤ በረካን የጠበቀው ያገኘው ጨዋታውንና ምርቃቱን ነው።

ሁለተኛው ከሙቀት ጋር ያለው ነው። ካፌይን በ178 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ተን መለወጥ ይጀምራል፤ የሚቀልጠው ከ235 ዲግሪ በላይ ነው። የቡና መቁያ ሙቀት ከመጀመሪያው ቁጥር ስለሚያልፍ ጥቂቱ ይተናል። ነገር ግን ቡናው ራሱ ሲቆላ ከክብደቱ ከመቶ 15 እስከ 20 ያህል ስለሚያጣ የቀረው ካፌይን በመቶኛ ሲታይ ከበፊቱ ብዙም አይለይም። «ጥቁር የተቆላ ቡና ኃይለኛ ነው» የሚለው አባባል መራራነትን ከካፌይን ጋር ያምታታል። ከቡና መራራነት ካፌይን ድርሻው ጥቂት ነው፤ ቀሪው ከመቁላት የሚመጣ ነው።

ንጥረ ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ነጥሎ ያወጣው ፍሪድሊብ ፈርዲናንድ ሩንገ የተባለ ጀርመናዊ ወጣት ኬሚስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1819 ታዋቂው ደራሲ ገተ በመርዛማ ቅጠል ላይ ያደረገውን ሙከራ አይቶ ተደነቀና አንድ ሣጥን የቡና ፍሬ ሰጥቶ ይህንንም መርምር አለው። ስሙም ቡና በአውሮፓ ከሚጠራበት ቃል ወጣ። ያ ቃል ከካፋ ስም መጣ የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ የቋንቋ ሰዎች ግን አብዛኞቹ ከዓረብኛው «ቀህዋ» ያወርዱታል። ካፋዎች ራሳቸው ቡናን «ቡኖ» ነው የሚሉት።

ከቦንጋ ብዙም ሳይርቅ፣ በጊምቦ ወረዳ የውሽውሽ ሻይ እርሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1827 አንድ ኬሚስት ከሻይ ቅጠል ያወጣውን ነገር «ቴይን» ብሎ ሰየመው፤ ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ ቴይንና ካፌይን አንድ መሆናቸው ተረጋገጠ። እንዲያውም ደረቅ የሻይ ቅጠል በክብደት ሲመዘን ከአረቢካ ቡና የበለጠ ካፌይን ይይዛል፤ ከመቶ ከ2 እስከ 4 ይደርሳል። አንድ ስኒ ሻይ የሚቀልለው ቅጠሉ ጥቂት ስለሚደረግበት ነው። በሕንድ ከሻይ ፋብሪካ የሚወጣ ብናኝና ተረፈ ምርት ካፌይን ይወጣበታል። ካፋ እንግዲህ የዚህ ንጥረ ነገር ሁለቱም ዋና ተክሎች ጎን ለጎን የሚበቅሉበት ዞን ነው።

ዛፉ ለራሱ ጥቅም የሠራው

ቡና ካፌይን የሚሠራው ለሰው ብሎ አይደለም። ለነፍሳት መርዝ ነው፤ ለጋ ቅጠልና ፍሬ የሚበላ ተባይ ይርቀዋል። በአበባው ወለላ ውስጥ ግን እጅግ ጥቂት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2013 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ይህ ጥቂት መጠን ንብ የአበባውን ሽታ እንድታስታውስና እንድትመለስ እንደሚያደርጋት አሳይቷል። የካፋ ማር ነጋዴም ከዚህ ንጥረ ነገር ጋር ሳያውቀው ዝምድና አለው ማለት ነው።

በሰው ላይ የሚሠራው ድካም የሚያሳውቀውን የአንጎል መልእክት በመጋረድ ነው። ድካሙን አያጠፋውም፤ ይሸፍነዋል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው አስተያየት ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት እስከ 200 ሚሊ ግራም ሥጋት የለውም ብሏል። አሥር ግራም የተቆላ ቡና በሙሉ ቢለቅ 120 ሚሊ ግራም ያህል ይሰጣል፤ ልኩን ከዚህ መገመት ይቻላል። ከመጠን ሲያልፍ ልብ ያዘልላል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሣል፤ በድንገት ያቆመ ሰው ደግሞ ራሱን ያመዋል።

አደጋው ያለው በዱቄቱ ነው። ለአዋቂ ሰው 10 ግራም ያህል ሊገድል ይችላል፤ ይህም አንድ የሾርባ ማንኪያ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እንዳሰላው አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ ዱቄት ከ28 ስኒ ቡና ጋር ይተካከላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በዚያው አገር ሁለት ወጣቶች ዱቄቱን ወስደው ሞተዋል፤ በ2018 መሥሪያ ቤቱ በጅምላ የታሸገ ንጹሕ ካፌይን በቀጥታ ለተጠቃሚ እንዳይሸጥ አስጠንቅቋል። ከውጭ ኬሚካል የሚያስመጣ ነጋዴ ይህን ልብ ሊለው ይገባል። ከረጢቱ ስኳር ይመስላል፣ ሽታ የለውም፣ በሻይ ማንኪያ የሚሰፍረው ሰው ደግሞ ምን ጊዜም አይጠፋም። በሥራ ቦታ አቧራው እንዳይተነፈስ አፍና አፍንጫ መሸፈን፣ በትክክለኛ ሚዛን መመዘን፣ ከምግብ ሸቀጥ ለይቶ ማስቀመጥ ግድ ነው።

ጥቅሙ ሰፊ ነው። ለስላሳ መጠጥና «ኃይል ሰጪ» የሚባሉት መጠጦች ይጨምሩታል፤ 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ታዋቂው የሬድ ቡል ቆርቆሮ 80 ሚሊ ግራም አለው። ከአስፕሪንና ከፓራሲታሞል ጋር ተደርጎ የራስ ምታት ክኒን ይሠራበታል። ያለ ጊዜያቸው ተወልደው አተነፋፈሳቸው ለሚቋረጥ ሕፃናት የሚሰጠው መድኃኒት ካፌይን ሲትሬት ሲሆን በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ለሯጮችም ቢሆን ከ2004 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ ከተከለከሉ ንጥረ ነገሮች ዝርዝር ወጥቷል።

ከቡናው ማውጣት

ካፌይን የማይፈልግ ቡና ጠጪም አለ፤ ገበያውም የቆየ ነው። የብሬመኑ የቡና ነጋዴ ሉድቪግ ሮዘሊዩስ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የባሕር ውኃ የገባበት የቡና ጭነት ጣዕሙ ሳይጠፋ ካፌይኑ መቀነሱን አይቶ ሐሳቡን አገኘ ይባላል። ዘዴው ጥሬውን ቡና በእንፋሎት አርሶ ካፌይኑን በማሟሚያ መጥረግ ነበር። ማሟሚያው ግን ቤንዚን የሚባለው ኬሚካል ሲሆን (መኪና የሚነዳበት ነዳጅ አይደለም) ዛሬ የደም ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ለጤና ተብሎ የተሸጠ ቡና በካንሰር አምጪ ሲታጠብ ኖሯል።

ዛሬ አራት መንገዶች አሉ። ሜቲሊን ክሎራይድ በተባለ ማሟሚያ ማጠብ፣ ኢታይል አሲቴት በተባለው ማጠብ፣ በካናዳ እንደሚደረገው በውኃና በከሰል ማጣሪያ ማውጣት፣ በመጨረሻም ካርቦን ዳይኦክሳይድን በከፍተኛ ግፊት ጋዝም ፈሳሽም ወደማይባል ሁኔታ አድርሶ በእርጥብ ቡና ውስጥ ማሳለፍ ነው። የመጨረሻውን ዘዴ ኩርት ጾዝል የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አገኘው። ንጹሕ ነው፤ መሣሪያው ግን ውድ ስለሆነ ለትልልቅ ፋብሪካዎች ብቻ ይሆናል።

ክርክሩ ያለው በሜቲሊን ክሎራይድ ላይ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በተቆላ ቡና ውስጥ የሚቀረው ከ2 ሚሊ ግራም በኪሎ ማለፍ የለበትም፤ በአሜሪካ ገደቡ 10 ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የዚህን ኬሚካል አብዛኞቹን አገልግሎቶች ሲያግድ ቡናውን አልነካም፤ ምግብ የሌላ መሥሪያ ቤት ሥልጣን ነውና። ከምግቡ በኩልም እንዲታገድ አቤቱታ ቀርቧል። ይህ በር ቢዘጋ ርካሹ መንገድ ይጠባል፤ ከመጀመሪያው ካፌይን የሌለው ቡና ያለው አገር ደግሞ ይፈለጋል።

ከቡና የወጣው ካፌይን ተጣርቶ ለመጠጥና ለመድኃኒት ፋብሪካ ይሸጣል። እንግዲህ የኢትዮጵያ ላኪ ባልተከፈለው 230 ኪሎ ተዘርፏል ማለት ነው? አያስኬድም። የካፌይን ዋጋ የሚወሰነው በፋብሪካ ነው። ሜቲልአሚንና ዩሪያ (ያው ገበሬው ማዳበሪያ የሚለው ዩሪያ) ተዋሕደው ከሚሰጡት ንጥረ ነገር ተነሥቶ፣ በጥቂት ደረጃዎች አልፎ ካፌይን ይሠራል። ዋናዋ አምራች ቻይና ናት፤ ዱቄቱም ርካሽ ነው። ከቡና የወጣውም ሆነ ከዩሪያ የተሠራው በኬሚስትሪ አንድ ነው። በዱቄቱ ከቻይና ጋር ለመወዳደር የሚያስብ ባለሀብት ካለ ገንዘቡን ሌላ ቦታ ቢያውል ይሻለዋል። ትልቁ ዋጋ ያለው ካፌይን የማይሠራው ዛፍ ላይ ነው።

ከካፋ የሄደው ዘር

እ.ኤ.አ. በ1964 እና 1965 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ቡድን ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከደቡብ ምዕራብ ጫካዎችና ከሌሎች የቡና አገሮች ዘር ሰበሰበ። ዓላማው ለሳይንስ ነበር፤ በጊዜው የሚከለክልም ሕግ አልነበረም። ዘሩ ለተለያዩ አገሮች የምርምር ጣቢያዎች ተከፋፈለ፤ ከእነዚህ አንዷ ኮስታሪካ ነበረች። ከኮስታሪካ ደግሞ ብራዚል ደረሰና በካምፒናስ የግብርና ኢንስቲትዩት ማሳ ላይ ተተከለ።

የዚያ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት ጽሑፍ ለካፋ ነጋዴ ከማንኛውም የዋጋ ዝርዝር የበለጠ ሊነበብ የሚገባው ነው። ከቀድሞው ከፋ ክፍለ ሀገር የመጡ 68 የቡና ትውልዶችን ፍሬ ለክተው ካፌይኑን ከመቶ ከ0.46 እስከ 2.82 አገኙት፤ አማካዩ 1.18 ነው። ከኢሉባቦር የመጡት 22ቱ ከ0.42 እስከ 2.90 ነበሩ። (የያኔው ከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማው ጅማ ሆኖ ከዛሬው ዞን እጅግ ይሰፋ እንደነበር አይዘንጋ።) አማካዩ የተለመደው አረቢካ ነው። የሚገርመው ስፋቱ ነው። ላይኛው ጫፍ ከመቶ 2.2 ያህል የሚይዘውን ሮቡስታን ያልፋል፤ ታችኛው ከተለመደው አረቢካ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይህ ሁሉ በአንድ ክፍለ ሀገር ጫካ ውስጥ፣ «የከፋ ቡና» ተብሎ በአንድ ጆንያ ሲቀላቀል የኖረ ነው።

ታችኛው ጫፍ ግን ለገበያ በቂ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት «ካፌይን የወጣለት» የሚባለው የተቆላ ቡና ከመቶ 0.1 ማለፍ የለበትም። 0.46 ከዚህ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ፍለጋው ቀጠለ። 300 ያህል የኢትዮጵያ ናሙናዎችን የሚወክሉ 3,000 ዛፎች ተመረመሩና ሦስት ዛፎች ተገኙ፤ በኢንስቲትዩቱ የቀድሞ የቡና ሊቅ በአልሲዲስ ካርቫልዮ ስም ኤሲ 1፣ ኤሲ 2 እና ኤሲ 3 ተባሉ። ካፌይናቸው ከመቶ 0.076 ነው። ገደቡን ያለ ማሟሚያ፣ ያለ ፋብሪካ፣ ከዛፉ ላይ እንዳሉ አለፉት። ምክንያቱም ካፌይን የሚሠራበት የመጨረሻው ደረጃ በዛፎቹ ውስጥ ሥራውን ስለማይፈጽም ቴኦብሮሚን ላይ ይቆማል፤ ቴኦብሮሚን በቸኮላት ውስጥ ያለው ለስለስ ያለው ዘመዱ ነው።

ዜናው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2004 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ሲወጣ ከአዲስ አበባ በኩል የባለቤትነት ጥያቄ ተነሣ። ብራዚሎች ዘሩን ያገኘነው ከኮስታሪካ ነው አሉ። የሁለቱም እውነት ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። የብዝኃ ሕይወት ስምምነት በሪዮ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ከዚያ በፊት የወጣ ዘር የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሀብት እንደሆነ ይቆጠር ስለነበር ስምምነቱ ወደ ኋላ ሄዶ አይዝም። ኢትዮጵያ በክርክር የምትመልሰው ነገር አልነበረም።

ብራዚልም ብትሆን ወዲያው አልበለጸገችም። ዛፎቹ ምርታቸው አነስተኛ ሆነ፤ አበባቸውም ቀድሞ ስለሚከፈት ከሌላ ቡና ጋር ይዳቀላል። ጠባዩን ምርታማ ወደሆነ ዛፍ ለማዛወር ሃያ ዓመት አልበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ተመራማሪዎቹ በማዳቀል የተገኙትን ዝርያዎች በተለያዩ የቡና አካባቢዎች በመስክ ለመፈተን ሲጀምሩ ነበር። የዕድሉ በር አልተዘጋም ማለት ነው፤ ዘሩ የተወሰደበት ጫካም አሁንም ቆሟል።

የጫካው ዋጋ

ጫካው እንደዚህ ያለ ነገር ሲሰጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ አድርቅ በሽታ ኢትዮጵያ ሲገባ አዝመራው እየጠቆረ ይረግፍ ነበር። የጅማ ምርምር ባለሙያዎች መድኃኒት በመርጨት ብቻ ሳይሆን በየጫካው እየዞሩ ያልታመሙ ዛፎችን በመምረጥ መልሱን አገኙ፤ 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች ከኢሉባቦር በዚህ መንገድ የተመረጡ ናቸው። ሰባ አራት ቁጥሩ የተመረጡበት ዓመት ነው። የዚህ ድል ሌላ ፊት ደግሞ አለ። ምርጥ ችግኝ በተሰራጨ ቁጥር ገበሬው የጫካውን ዛፍ ይመነጥራል። ምርቱ ይጨምራል፤ በዚያው ልክ ማንም ያልለካው ዛፍ ይጠፋል።

ለጥበቃ የተደረገ ነገር አለ። በጅማ አጠገብ ጮጬ በሚገኘው የቡና የመስክ ጂን ባንክ ከአምስት ሺህ በላይ ናሙናዎች ተተክለዋል፤ የካፋ ደንም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ ነው። የቡና መገኛ ነው የሚባለው የዴቻ ወረዳው ማኪራም በዚሁ ክልል ይገኛል። ይሁን እንጂ ጫካውን ቆሞ የሚያቆየው በመጨረሻ ገበሬው ለጫካ ቡናው የሚያገኘው ዋጋ ነው። ያንን ዋጋ የሚቆርጠው ደግሞ ሰብሳቢው፣ አቅራቢውና ላኪው ነው።

ለገበያ ሰው በቀጥታ የሚያገባው ሕጉ ነው። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የጄኔቲክ ሀብት ለምርምርም ሆነ ለንግድ ከአገር ማውጣት የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ፣ የጥቅም ተጋሪነት ስምምነትንና የማኅበረሰቡን መብት መጠበቅ ይጠይቃል። ያለ ፈቃድ ማውጣት በወንጀል ያስጠይቃል። ለመጠጥ የሚሸጥ ቡና በዚህ አይያዝም፤ በጆንያ የሚሄደው ጥሬ ቡና እንደ ወትሮው በቡና ሕግ ይሄዳል። ልዩነቱ ያለው በታቀደለት ሥራ ላይ ነው። ቦንጋ ወይም ጊምቦ መጥቶ «ከዚህና ከዚያ ዛፍ እሸት ፍሬ ለየብቻ አሽግልኝ» የሚል እንግዳ፣ ቅጠል በከረጢት የሚጠይቅ እንግዳ፣ ከየትኛው ቁልቁለት እንደተለቀመ መዝግብልኝ የሚል እንግዳ ሁልጊዜ የሲኒ ቡና ገዥ ላይሆን ይችላል። ደላላው ፈቃዱን አሳየኝ ቢለው ገዥ አይሸሽም፤ የሚሸሽ ከሆነ ገዥ አልነበረም።

ዝቅተኛ ካፌይን ያለው ቡና አለኝ ብሎ ለውጭ ገዥ የሚጽፍ ላኪም ይጠንቀቅ። በዓይን አይታይም፣ በቅምሻ አይለይም፤ በላቦራቶሪ መለካት አለበት። ከአንድ ዛፍ የተገኘ ውጤት ደግሞ ለአንድ ጆንያ አይሠራም፤ የጫካ ቡና ከብዙ መቶ ዛፎች የተቀላቀለ ስለሆነ ሲለካ ወደዚያው 1.2 ይመለሳል። ዝቅ ያለውን ለገበያ ለማብቃት ዛፉን ለይቶ ማባዛት፣ ከሌላው እንዳይዳቀል አርቆ መትከል፣ ለብቻው መልቀምና ለብቻው ማድረቅ ያስፈልጋል። ይህ የብዙ ዓመት ሥራ ስለሆነ ከምርምር ማዕከልና ከገበሬ ማኅበር ጋር ካልሆነ አይሞከርም።

ለአጭር ጊዜ የሚያስብ ነጋዴ ግን ከዛፉ የሚጣለውን ይመልከት። በደቡብ ምዕራብ «ጨሞ»፣ በምሥራቅ «ቁጢ» እየተባለ የሚጠጣውን የቡና ቅጠል የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ውኃ ውስጥ ተነክሮ እንዲሸጥ ፈቅዷል፤ በ2022 ደግሞ ሥጋውን፣ ማለትም ፍሬው ሲፈለፈል የሚወጣውን ልጣጭ፣ ለመጠጥነት ፈቅዷል። ሁለቱም ካፌይን አላቸው። ልጣጩ ለከብት በብዛት የማይሰጠውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። በካፋ የቡና ማጠቢያዎች አጠገብ ተቆልሎ የሚሸተው ሥጋ ታጥቦና በንጽሕና ደርቆ ከቀረበ አሁን ገዥ ሊያገኝ የሚችል ዕቃ ነው፤ የሚጠየቀውም ሻጋታ እንዳይነካውና የፀረ ተባይ ቅሪት እንዳይኖርበት ነው።